«የሥራ ባህል» አውሮፓ ውስጥ እንዴት ተሠራ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቅርቡ በጋዜጣችሁ ያነበብኩት፣ ስለ ሀገራችን ፋብሪካዎች የሚያትት ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው አውሮፓ የበለጸገችው ሕዝቧ ሰዓት አክባሪና ታታሪ ስለ ነበረ እንደ ሆነ፣ የእኛ ወጣቶች ግን ፋብሪካ ገብተው ጥቂት ወራት ሳይቆዩ ጥለው የሚወጡት የሥራ ባህል ስለሌላቸው እንደ ሆነ ያስረዳሉ። እኔ እዚህ ጅማ ለረጅም ዓመታት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የጸሐፊውን ቅንነት ባልጠራጠርም የነገሩ ቅደም ተከተል ተገልብጦ ቀርቧል እላለሁ። የአውሮፓ ሠራተኛ ሰዓት አክባሪ ሆኖ ፋብሪካ አልገባም፤ ፋብሪካው ነው በሁለትና በሦስት ትውልድ ጊዜ ውስጥ በደወል፣ በቅጣትና በችግር ሰዓት አክባሪ ያደረገው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ያው ሠራተኛ ፋብሪካውን በተራው ሰው የሚኖርበት እንዲሆን አስገደደው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የውጭ ሀገር ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የእንግሊዝ ጨርቅ በአብዛኛው የሚሠራው በገጠር መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ነበር። ሚስትና ልጆች ሱፉን ወይም ጥጡን ያባዝታሉ፣ ይፈትላሉ፤ ባል ይሸምናል፤ ነጋዴው ጥሬ ዕቃውን አምጥቶ የተሸመነውን ይወስዳል። ሥራው ቀላል ነበር ማለት አይደለም፤ ነገር ግን መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ራሱ ሸማኔው ነበር። ቅዳሜ ሒሳቡን ይቀበላል፣ እሑድ ያርፋል፣ ሰኞንም ብዙ ጊዜ መጠጥ ቤት ያሳልፋታል፤ ማክሰኞ ቀስ ብሎ ይጀምርና ሐሙስና ዓርብ ሌሊቱን ጭምር ሠርቶ ያካክሳል። ይህ ልማድ ከመዘውተሩ የተነሣ «ቅዱስ ሰኞ» የሚል የቀልድ ስም ወጥቶለት ነበር፤ በርሚንግሃምን በመሰሉ የብረታ ብረት ከተሞችም እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ዘልቋል። የሂርማታን የሐሙስ ገበያ የሚያውቅ የጅማ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሐሙስ ማሳውን ትቶ ገበያ የሚወጣውን ገበሬ ሰነፍ ነው የሚለው የለም። የበዓላቱም ነገር እንዲሁ ነበር። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ራሱ እስከ 1834 ድረስ በዓመት 33 ገደማ የቅዱሳንና የሃይማኖት በዓላትን አክብሮ ይዘጋ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን በአንድ ጊዜ ወደ 4 አወረዳቸው። ወር በገባ በ12 ሚካኤልን፣ በ19 ገብርኤልን ማክበራችንን የድህነታችን ዋና ምክንያት አድርገው የሚቆጥሩ ሰዎች ይህን ቁጥር ልብ ቢሉት ደስ ይለኛል።

ለውጡ በግልጽ የሚታይበትን አንድ ቦታ ልጥቀስ። ሪቻርድ አርክራይት የተባለ ቀድሞ ፀጉር አስተካካይና የሰው ሠራሽ ፀጉር ነጋዴ የነበረ ሰው በ1769 በውኃ ኃይል ለሚሠራ መፍተያ የፈጠራ መብት አወጣ፤ በ1771 ደግሞ ክሮምፎርድ በምትባል ትንሽ የደርቢሽር መንደር የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ መገንባት ጀመረ። በአካባቢው በቂ ሰው ስላልነበረ ልጆች የበዙላቸውን ቤተሰቦች በማስታወቂያ እየጠራ ቤት ሠርቶ አሰፈራቸው። ፋብሪካው ቀንና ሌሊት በ12 ሰዓት ፈረቃ ይሠራ ነበር፤ የፈረቃውን መግቢያ የሚያበስረው ደወል ነው። መንኮራኩሩ አንድ ጊዜ መዞር ከጀመረ ሁሉም ክር አብሮ ስለሚሄድ አንድ ሰው ዘግይቶ መጣ ማለት ሥራው ተስተጓጎለ ማለት ነው። ስለዚህ የዘገየ ይቀጣል፤ በአንዳንድ ፋብሪካም በሩ ይዘጋበትና የቀኑን ምንዳ ያጣል። ሥራ ላይ ያፏጨ፣ ያወራ፣ መስኮት የከፈተ ሁሉ የየራሱ ቅጣት ነበረው። የዘመኑ ሠራተኞች ትተውት ባለፉት ቃል አለቆች የፋብሪካውን ሰዓት ጠዋት ወደ ፊት፣ ማታ ወደ ኋላ እየገፉ ይሰርቋቸው እንደ ነበር፣ ሠራተኛው የራሱን ሰዓት በኪሱ መያዝም ያስፈራው እንደ ነበር ተናግረዋል። በየከተማው ረጅም ዘንግ ይዘው ገና ሳይነጋ የሠራተኞችን መስኮት እያንኳኩ የሚቀሰቅሱና ለዚሁ የሚከፈላቸው ሰዎች ተፈጠሩ። እንግዲህ በተፈጥሮው ሰዓት አክባሪ የሆነ ሕዝብ በዘንግ የሚቀሰቅሰው ሰው ባላስፈለገው ነበር።

ከፋብሪካው ቀጥሎ ሰዓትን የቀየረው ባቡር ነው። በ1830 የሊቨርፑልና የማንችስተር መስመር ሲከፈት እያንዳንዱ የእንግሊዝ ከተማ የሚሠራው በየራሱ ፀሐይ ነበር፤ ብሪስቶል ከለንደን 10 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ትቀራለች። ይህ በፈረስ ለሚሄድ መንገደኛ ምንም አይደለም፤ በአንድ ሐዲድ ላይ ለሚሄዱ ሁለት ባቡሮች ግን የሞት ጉዳይ ነው። የባቡር ኩባንያዎች ከ1840 ጀምሮ ተራ በተራ የለንደንን ሰዓት ያዙ። የብሪስቶል ሰዎች ግን በቀላሉ እሺ አላሉም፤ በገበያ አዳራሻቸው ፊት ያለው ሰዓት እስከ ዛሬ ሁለት የደቂቃ ዘንጎች አሉት፤ አንዱ የለንደንን፣ ሌላው የራሳቸውን ያሳያል። አንድ ወጥ ሰዓት በብሪታንያ ሕግ የሆነው በ1880 ነው። እኛ እስካሁን ንጋትን መነሻ አድርገን ስንቆጥር የሚስቁብን የውጭ እንግዶች አያቶቻቸው በዚህ ጉዳይ ለአርባ ዓመታት ሲከራከሩ እንደ ኖሩ የሚያውቁ አይመስለኝም።

የልጆቹን ጉዳይ በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ብዙ የተባለበት ነውና። በ1833 የወጣው ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዳይቀጠሩ ከለከለ፤ ከ9 እስከ 13 ዓመት ያሉትን በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ወሰነ፤ ለመላ ሀገሪቱም አራት ተቆጣጣሪዎች ብቻ ሾመ። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአዋቂ የፈቀደው የሳምንት ጣሪያም ያው 48 ሰዓት ነው፤ ይህ ስንት ነገር እንደ ተለወጠ ያሳያል፤ አራት ተቆጣጣሪ ግን አሁንም የምናውቀው ችግር ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የሐሳቡ ለውጥ ነው። ለገጠሩ ቤተሰብ ልጅ ማለት እጅ ማለት ነበር፤ ፋብሪካው ይህንኑ ሐሳብ እስከ መጨረሻው ሲገፋው ግን ሰዉ ደነገጠ፤ ልጅነት ለትምህርትና ለጨዋታ የተለየ ዕድሜ መሆን አለበት የሚለው አስተሳሰብ ከሀብታም ቤት ወጥቶ ወደ ሕግ የገባው በዚያ ድንጋጤ ምክንያት ነው። በ1870 የወጣው ሕግ ደግሞ በየአካባቢው ትምህርት ቤት እንዲኖር አደረገ።

ስለ ማሽን ሰባሪዎቹም፣ ስለ ሉዳይቶቹ ማለቴ ነው፣ ጸሐፊው ሥልጣኔን የሚጠሉ አላዋቂዎች ናቸው ብለው አልፈዋቸዋል። በ1811 ኖቲንግሃም አካባቢ የካልሲ መሥሪያ ማሽን የሰበሩት ሰዎች በዚያው ማሽን ሲሠሩ የኖሩ ባለሙያዎች ነበሩ። የሰበሩትም ያገኙትን ሁሉ አልነበረም፤ የተናቀ ካልሲ በርካሽ እያመረቱ ዋጋ የሚያወርዱ ነጋዴዎችን ማሽኖች እየመረጡ ነበር። ማኅበር ማቋቋም በሕግ ተከልክሎባቸው ስለ ነበር አቤት የሚሉበት ቦታ አልነበራቸውም። ፓርላማው በ1812 ማሽን መስበርን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ሲያደርገው ባለቅኔው ሎርድ ባይረን በላይኛው ምክር ቤት ተነሥቶ ተቃወመ፤ ሕጉ ግን ጸደቀ። በፈረንሳይ የሊዮን የሐር ሸማኔዎች በ1831 እና በ1834፣ በፕሩሲያ የሲሌዢያ ሸማኔዎች በ1844 ተነሡ፤ ሁሉም በወታደር ተበተኑ። በ1819 ማንችስተር ውስጥ የምርጫ መብት ለመጠየቅ የተሰበሰበ ብዙ ሺህ ሕዝብ ላይ ፈረሰኞች ሰይፍ መዝዘው ገብተው ቢያንስ 15 ሰው ሞቷል።

ዛሬ ዓለምን የሚከፋፍሉት ሁለት ትልልቅ አስተሳሰቦች፣ ነፃ ገበያና ሶሻሊዝም፣ የወጡት ከዚሁ ጭስ ውስጥ ነው። አዳም ስሚዝ በ1776 አሥር ሰዎች ሥራ ተከፋፍለው በቀን 48,000 ስፒል እንደሚያመርቱ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ቢሆን ግን 20 እንኳ ማድረስ እንደማይችል አስልቶ አሳየ፤ ያው ሰው ዕድሜ ልኩን አንድ ነገር ሲደጋግም የሚኖር ሠራተኛ አእምሮው ይደነዝዛል ብሎ መስጋቱን ግን አድናቂዎቹ እምብዛም አያነሡትም። ፍሬድሪክ ኤንግልስን ደግሞ ባለ ፋብሪካ አባቱ ሥራ እንዲለምድ በ1842 ወደ ማንችስተር ላከው፤ ልጁ የለመደው ሌላ ነገር ሆነ። በ1960ዎቹ በሀገራችን የእርሱንና የማርክስን ሐሳብ ይዘው ሌሊቱን ሲከራከሩ ያደሩት ተማሪዎች፣ በዕድሜ የሚቀድሙኝ ወንድሞቼ፣ አብዛኞቹ የፋብሪካ ውስጥ ድምፅ ሰምተው የማያውቁ ነበሩ።

ከተሞቹስ? በ1801 ማንችስተር 75,000 ያህል ሰው ነበራት፤ በ1851 ከ300,000 በላይ ሆነ። ውኃና መጸዳጃ ግን ከሰዉ ጋር አላደጉም። ኤድዊን ቻድዊክ በ1842 ባቀረበው ዘገባ መሠረት በማንችስተር የሠራተኛ ቤተሰቦች አማካይ የሞት ዕድሜ 17 ዓመት ነበር፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት የሕፃናት ሞት ነው። በገጠሩ ራትላንድ ግን በዚያው መደብ 38 ነበር። ኮሌራ በተከታታይ ከገባ በኋላ ነው መንግሥት የቧንቧንና የፍሳሽን ጉዳይ የራሱ ሥራ አድርጎ መቁጠር የጀመረው። ዶክተር ጆን ስኖው በ1854 ለንደን ውስጥ የሟቾችን ቤት በካርታ ላይ ምልክት እያደረገ በሽታው ከአንድ የውኃ መቅጃ እንደሚመጣ አሳየ፤ የመቅጃውም እጀታ ተነቀለ። በአዌቱ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ይህ የሩቅ ታሪክ አይመስለውም።

ስለ ባህል ከተነሣ ግን ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የሚያስገርማቸውን ነገር ላንሣ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጅማ ውስጥ የእንግሊዝ ኳስ በሚያሳዩት ቤቶች አጠገብ ያለፈ ሰው ጩኸቱን ሳይሰማ አይቀርም። ጨዋታው ለምን ቅዳሜ ከሰዓት ሆነ? የ1850 ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሴቶችና የወጣቶች ሥራ ቅዳሜ በእነርሱ አቆጣጠር ከቀኑ 2 ሰዓት፣ በእኛ 8 ሰዓት ላይ እንዲያበቃ ስላዘዘና ልማዱ ቀስ በቀስ ወደ ሌሎች ሥራዎች ስለ ተስፋፋ ነው። ሠራተኛው ምሳውን በልቶ 9 ሰዓት ላይ ሜዳ ይደርሳል። በ1888 የተቋቋመው የመጀመሪያው ሊግ 12 ክለቦች ነበሩት፤ ስድስቱ ከሰሜኑ የጥጥ አውራጃ ከላንካሽር፣ ስድስቱ ከመካከለኛው እንግሊዝ፣ ማለትም ከፋብሪካ አካባቢዎች ነበሩ፤ ከለንደን አንድም አልነበረም። ማንችስተር ዩናይትድን በ1878 የመሠረቱት የባቡር ሠራተኞች ናቸው፤ አርሰናልን በ1886 የመሠረቱት የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ በማሊያው ላይ መድፍ የሚታየውም ለዚህ ነው። ዌስት ሃም የመርከብ ግንባታ ሠራተኞች ቡድን ነበር። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ዋንጫውን ሲያነሣ በየመንገዱ የጨፈርን ሰዎች፣ አንድ ከተማ በአንድ ቡድን ዙሪያ እንዲህ የሚሰባሰብበትን ልማድ ከእነዚያ የላንካሽር ፈታዮች እንደ ወረስነው ማወቅ አይጎዳንም። «ቅዱስ ሰኞ» ተወሰደባቸው፤ ግማሽ ቅዳሜን ታግለው አገኙ፤ በተገኘችውም ግማሽ ቀን ውስጥ የዓለምን ትልቁን መዝናኛ ሠሩ።

ሌላውን ኪነ ጥበብ ለባለሙያዎች ብተወው ይሻላል፤ ሠዓሊዎቹ ተርነር በ1844፣ ሞኔ በ1877 የባቡርን እንፋሎት እንደ ደመና አድርገው መሣላቸውን ብቻ ላስታውስ። ጋዜጣም ቢሆን በእንፋሎት ያደገ ነው፤ የለንደኑ ዘ ታይምስ በኅዳር 1814 በእንፋሎት መታተም ሲጀምር በሰዓት ከ1,000 በላይ ቅጠል ያወጣ ነበር።

በጽሑፉ ጨርሶ ያልተነሣው ግን ጥጡ ከየት ይመጣ እንደ ነበር ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1861 ሲጀመር ከብሪታንያ ጥጥ ከአራት እጅ ሦስቱ በአሜሪካ ደቡብ ባሪያዎች የሚመረት ነበር። ወደቦቹ ሲዘጉ በላንካሽር ፋብሪካዎች ቆሙ፤ መቶ ሺዎች በእርዳታ ስንዴና ሾርባ ላይ ወደቁ። እንዲህም ሆኖ በ1862 የመጨረሻ ቀን ማንችስተር ውስጥ የተሰበሰቡ ሠራተኞች ባርነትን ለሚታገለው ለፕሬዚዳንት ሊንከን የድጋፍ ደብዳቤ ላኩ፤ እርሱም በጥር 1863 መልሶ ጻፈላቸው። የፋብሪካ ሰው ከራሱ ምንዳ በላይ አያስብም ለሚሉ ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

የዚያው ጥጥ ክር ግን እስከ እኛም ተዘርግቷል። የአሜሪካው ጥጥ ሲጠፋ ዋጋው ሰማይ ነካ፤ በዚህ በ1863 ሥልጣን የያዘው የግብፁ ኢስማኤል ፓሻ ድንገት ባለጸጋ ሆነ። ባቡር ሠራ፣ ቤተ መንግሥት ሠራ፣ የስዊዝ ቦይ በ1869 ተከፈተ፤ ጦርነቱ በ1865 አብቅቶ የጥጡ ዋጋ ሲወድቅ ግን ወጪውን ከመቀነስ ይልቅ ከአውሮፓ ባንኮች መበደሩን ቀጠለ። ግዛቱን ወደ ደቡብ ለማስፋትም ጦሩን ሲያዘምን ከዚያው ከአሜሪካ ጦርነት የተረፉ መኮንኖችን ቀጠረ። በኅዳር 1875 ጉንደት ላይ፣ በመጋቢት 1876 ጉራ ላይ የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ያሸነፈው ይህን ጦር ነው። በጉራው ዘመቻ የግብፅ ጦር መምሪያ አለቃ የነበረው ዊልያም ሎሪንግ በአሜሪካው ጦርነት ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ደቡቦች የተዋጋ ጄኔራል ነበር። በዚያው በ1876 ግብፅ ዕዳዋን መክፈል አቆመች፤ በ1882 የብሪታንያ ወታደር ገባባት። የማንችስተርን ጭስ ስናጠና ጉራን ካላየን ታሪኩን በግማሹ ነው የምናውቀው። በአንድ የሩቅ ገበያ ላይ ዋጋ ሲሰቀልና ሲወድቅ ቤቱ የሚናጋበትን ነገር ደግሞ ቡና የሚሸጥ ሕዝብ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ከአውሮፓ ልንቀዳው የሚገባ ነገር ካለ እኔ የምመርጠው ሮችዴልን ነው። በታኅሣሥ 21 ቀን 1844 በዚያች የላንካሽር ከተማ 28 ሰዎች፣ ብዙዎቹም ሸማኔዎች፣ ሳንቲም ሳንቲም እያጠራቀሙ ባዋጡት ገንዘብ አንዲት ሱቅ ከፈቱ። በመደርደሪያዋ ላይ የነበረው ጥቂት ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ነበር። የከተማው ነጋዴዎች ዱቄቱን በኖራ ይቀላቅሉ በነበረበት ዘመን እነዚህ ሰዎች ንጹሕ ዕቃ በትክክለኛ ሚዛን ለመሸጥ፣ ትርፉን አባሉ በገዛው መጠን ለማካፈል፣ የድርሻ መጠን ሳይታይ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ ለመስጠት ተስማሙ። ዛሬ በጅማ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚተዳደሩበት ደንብ በመሠረቱ ይኸው ነው። ጀርመን ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደች፤ ቢስማርክ ሶሻሊስቶቹን በአንድ እጁ እያሳደደ በሌላው በ1883 የሕመም፣ በ1884 የሥራ ላይ አደጋ፣ በ1889 የጡረታ መድን አቋቋመ። እነዚህን ማሽኑ ይዟቸው አልመጣም፤ አንዱን ችግረኞች ራሳቸው፣ ሌላውን የችግረኞች ፍርሃት ወለደው።

አሁን ወደ እኛው ከተማ ልመለስ። የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከዙሪያው ገጠር የሚመጡ ወጣቶች፣ ከእነርሱም ብዙ ሴቶች፣ የፋብሪካን ሥራ እንደ አማራጭ ማየት ጀምረዋል። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ሥራዋን የተወችበትን ምክንያት አጫውታኛለች፤ ፋብሪካው በየትኛው ከተማ እንደ ሆነ አልጠቅስም። የማታው ፈረቃ ሲያልቅ ሰርቪሱ ከዋናው መንገድ ላይ ያወርዳታል፤ ከዚያ እስከ ቤቷ ያለውን ጨለማ በእግሯ ትሄዳለች። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር የተከራየችው አንድ ክፍል የደመወዟን ጥሩ ድርሻ ይወስዳል። በዝናብ ሰርቪሱ ዘግይቶ ቢመጣም የሚቀነሰው ከእርሷ ነው። የቡና ለቀማ ወቅት ሲደርስ በአባቷ ማሳ ላይ በቀን የምታገኘውን አሰላችና ወጣች። ይህች ልጅ ሒሳብ የምታውቅ እንጂ የሥራ ባህል የሌላት አይደለችም። የሰኞን ቀን ለራሱ ያደርግ የነበረው የበርሚንግሃም አንጥረኛም የሚያደርገው ይህንኑ ሒሳብ ነበር።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሪፖርተራችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች መልቀቅ ሲዘግብ ከሥራ አስኪያጆቹ ቢሮ ወጥቶ ፈረቃ በሚቀየርበት ሰዓት በር ላይ ይቁም፤ የቤት ኪራዩን፣ የሰርቪሱን፣ የቅጣቱን ነገር ይጠይቅ። ከዚያም አልፎ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም መደንገጉን አስታውሶ፣ ጉዳዩ የት እንደ ደረሰ የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች ጠይቆ ለአንባቢ ያሳውቅ።

ከአክብሮት ጋር
የታሪክ መምህር፣ ከጅማ